«የደህንነት ኦዲት» የሒሳብ ምርመራ አይደለም

ኦዲት ሲባል ብዙ ሰው ደረሰኝና መዝገብ ነው የሚታየው። «በሰፈራችን የሴቶች የደህንነት ኦዲት ሊደረግ ነው» ሲባልም «ገንዘብ ጎደለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ኧረ የጎደለ የለም። ነገሩ የእግር ጉዞ ነው። (እኔ ብሆን «ቅኝት» ነበር የምለው።)

የሰፈሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ተሰባስበው ዘወትር የሚያልፉበትን መንገድ በዚያው በሚያስፈራቸው ሰዓት ይሄዱበታል። ያዩትን ይጽፋሉ። ከዚያ ማስተካከል ከሚችለው አካል ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። አሠራሩን በ1989 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው በካናዳ፣ ቶሮንቶ የሚገኘው ሜትራክ የተባለ ድርጅት ነው።

እንበል፣ ከታክሲ መውረጃው ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቅያስ አለ። ወረቀት ላይ «መብራት፦ አለ» ተብሏል። መሐንዲሱ በቀን መጥቶ ምሰሶውን ቆጥሮ ሄዷል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምታልፈው ተማሪ ግን አምፖሉ በዛፉ ቅጠል እንደተሸፈነ ታውቃለች። የሚያበራው ለወፎቹ ነው! ቆርቆሮ አጥሩ ጋ ያለችው ኩርባም ከኋላዋ ሰው ቢቆም አታሳይም። እዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ምሰሶ ሳይሆን መጋዝ ሊሆን ይችላል።

የማይቀየረው አንድ ነገር ነው፦ የሚገመግሙት ራሳቸው የመንገዱ ተጠቃሚዎች ናቸው። ባለሙያ አብሮ ቢሄድም ለመስማት ነው። የሰው ብዛት፣ መጠይቁ፣ ወንዶች ይግቡ አይግቡ የሚለው ግን እንደየቦታው ነው። አንዱ ሰፈር ጭንቁ አውቶቡስ ፌርማታው ነው፤ ሌላው ጋ ደግሞ የጋራ ሽንት ቤቱ በር፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ የሌለው።