የጥርስ ኢምፕላንት ልባስ፦ ብረትና አጥንት የሚዋሐዱበት ገጽ

የጥርስ ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል፣ በአብዛኛው ከቲታኒየም የሚሠራ ትንሽ ብሎን ነው፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ በላዩ ይገጠማል። ብሎኑን ለዘለቄታው የሚያጸናው የአጥንቱና የብረቱ ገጽ መዋሐድ ነው። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ይህን በጥንቸል አጥንት ላይ አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ተከለ።

የቀደሙት ብሎኖች ገጻቸው ለስላሳ ስለነበር ጥርስ ሳይጫንባቸው በታችኛው መንጋጋ ሦስት ወር፣ በላይኛው እስከ ስድስት ወር ይጠበቅ ነበር። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ለሚታከም ሰው ይህ ቀላል ቀጠሮ አይደለም።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ መፍትሔ የመሰለው ሃይድሮክሲአፓታይት ነበር፤ የአጥንት ማዕድን ዘመድ የሆነ የካልሲየምና የፎስፌት ውሕድ ነው። ዱቄቱ እጅግ በጋለ የፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የጋለ ጋዝ) ነበልባል ውስጥ ያልፍና ቀልጦ ብሎኑ ላይ እየተረጨ ይጋገራል። አጥንት ፈጥኖ ይቀበለዋል። ችግሩ ያለው በሌላው ወገን ነው፦ ሙቀቱ የውሕዱን ከፊል ስለሚያፈርሰው ልባሱ ሊሟሟ፣ ከብረቱም ሊላቀቅ ይችላል። አጥንቱ ልባሱን አጥብቆ ይዞ ልባሱ ብረቱን ከለቀቀ ምን ፋይዳ አለው?

ስለዚህ ብዙ አምራቾች ልባሱን ትተው ብረቱን ራሱን ወደ ማሻከር ዞሩ። ገጹ በደቃቅ አሸዋ መሰል ፍንጣሪ ይመታል፣ ከዚያ በአሲድ ይበላል፤ ትልልቁ ጎድጓዳ በአሥሮች በሚቆጠር ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ)፣ በውስጡ ያለው ደቃቁ በአንድና ሁለት ማይክሮሜትር ይለካል። ኖራ ልሙጥ ድንጋይ ላይ እንደማይጨብጥ ለጎንደር ግንበኛ ማስረዳት አያሻም። በዚህ ዘዴ የመጠበቂያው ጊዜ ለጤናማ አጥንት ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ወርዷል።

ብሎኑ ከነገጹ በፋብሪካ ታሽጎ ስለሚመጣ፣ የተከላው ሐኪም ድርሻ ገጹን አለመበከልና አጥንቱን አለማቃጠል ነው። አጥንት በ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ቢቆይ ይጎዳል፤ መሰርሰሪያው በጨዋማ ውኃ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ሸካራነት ዋጋ አለው። ድዱ ሸሽቶ ገጹ ከተጋለጠ ባክቴሪያ እዚያው ይሰፍራል፣ ማጽዳቱም ያስቸግራል። ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ ደግሞ የትኛውንም ልባስ ያሸንፋሉ። ታካሚው የብሎኑን አምራች፣ መጠንና የምርት ቁጥር የያዘውን ወረቀት ተቀብሎ ያስቀምጥ፤ ጥርሱ ቢላላ ሌላ ሐኪም የሚገጥመውን መፍቻ የሚያውቀው ከእርሱ ነው።