የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ምንድን ናቸው?

በእናቶችና በሕፃናት ሥነ ምግብ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች «የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት» የሚሉት፣ ፅንስ ከተፈጠረበት ዕለት አንሥቶ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። እርግዝናው 270 ቀናት ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱ ዓመታት ደግሞ 730 ቀናት ናቸው። አሳቡ በተለይ የጎላው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ እናቶችና ሕፃናት የምግብ እጥረት ተከታታይ ጥናቶችን ካወጣ ወዲህ ነው።

ይህን ጊዜ ከሌላው ዕድሜ የሚለየው የዕድገቱ ፍጥነት ነው። የልጁ አንጎል በሁለት ዓመቱ የአዋቂን አንጎል መጠን አራት አምስተኛ ያህል ይደርሳል። በዚሁ ወቅት በቂ ምግብ ያላገኘ ወይም በሽታ የተመላለሰበት ልጅ ሊቀነጭር ይችላል፤ ተቀንጭሯል የሚባለውም ቁመቱ የዓለም ጤና ድርጅት ለዕድሜው ካስቀመጠው የመካከለኛ ቁመት መለኪያ ከሁለት መደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ የልጆች ቁመት ከመካከለኛው ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳይ ስሌት) በላይ ዝቅ ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ መለኪያ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደንብ ተመግበው ባደጉ ልጆች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የስድስቱ አገሮች ልጆች የቁመት ዕድገት እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የአንድ አካባቢ ሕፃናት በጅምላ ሲያጥሩ «ዘራቸው ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የዓለም ሕፃናት 148 ሚሊዮን ያህሉ የቀነጨሩ እንደነበሩ ተገምቷል። አስቸጋሪው ነገር የከሳ ልጅ ወዲያው ሲታወቅ፣ የቀነጨረው ግን እንደ እርሱ ባጠሩ እኩዮቹ መካከል ጤነኛ መስሎ መታየቱ ነው።

ጉዳቱ በቁመት ብቻ እንደማይወሰን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በጓቲማላ አራት መንደሮች የተካሄደው ጥናት ነው። በሁለቱ መንደሮች ፕሮቲን ያለበት የሚጠጣ አጥሚት፣ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ይታደል ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በተደረገው ክትትል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አጥሚቱን ያገኙ ወንዶች በሰዓት የሚከፈላቸው ደመወዝ ከሌሎቹ በ46 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ዘግይተው ባገኙት ላይ ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም።

ከተወለደ በኋላ ያለው ምክር የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ማስጀመር፣ እስከ ስድስት ወር ውኃ እንኳ ሳይጨምሩ የእናት ጡት ብቻ መስጠት፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እያበሉ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት። ከስድስተኛው ወር በኋላ ዕድገትን የሚያሰናክሉ ነገሮች ይበረክታሉ። ልጁ ሲወለድ ይዞት የመጣው የአይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልግ ማዕድን) ክምችት ያልቃል፤ ሆዱ ትንሽ ስለሆነም ቀጭን ገንፎ ያጠግበዋል እንጂ አይገነባውም። መዳህ ሲጀምር ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከት ተቅማጥ ይበረታበታል፤ ያን ጊዜ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሚባለው ውሕድ (ኦ.አር.ኤስ.) ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀናት ይሰጠዋል።

በእኔ አስተያየት የቆጠራው ደካማ ጎን መነሻው ነው። በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀናት ገደማ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው፤ በእርግዝና ክትትል ላይ የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም የነርቭ ቱቦው በትክክል እንዲዘጋ የሚረዳው ቫይታሚን፣ ለዚህ ዘግይቶ ይደርሳል። ደም አንሷት ያረገዘች ሴት እጥረቱን በጥቂት ወራት ለመሙላት ትቸገራለች፤ ዕድገቷን ሳትጨርስ ያረገዘች ልጃገረድ ደግሞ የምታገኘውን ምግብ ከፅንሷ ጋር ትሻማለች። በዚያ ላይ ከቤተሰቡ ሁሉ በኋላ የምትበላ፣ ከባድ ሥራዋም የማይቀነስላት እናት የልጅ አመጋገብ ትምህርት ብቻ ቢሰጣት ትርፉ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንዲሰጥ ይመክራል፤ የደም ማነስ 20 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ ግን የወር አበባ የሚያዩ፣ ገና ያላረገዙ ሴቶችና ልጃገረዶችም በየሳምንቱ እንዲወስዱ ያሳስባል።