የመሻለ ማርያም አካባቢ ገብርኤልና የመንዝ ጥንታዊ መቃብሮች

መንዝ ውስጥ «ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበረበት» የሚባል ቦታ ሞልቷል። ምልክቱ ቀላል ነው። ማሳ መሃል ሳይቆረጥ የቀረ ወይራ ወይም ጽድ፣ ከሥሩ ደግሞ የድንጋይ ክምር። ገበሬው በሬዎቹን እስከዚያ ድረስ ይነዳና ይመልሳቸዋል። መንገደኛም ተሳልሞ ያልፋል።

ከነዚህ ቦታዎች በአግባቡ ተቆፍረው ከተጠኑት አንዱ በመሻለ ማርያም አካባቢ ያለው ገብርኤል ነው። ሥራውን የመሩት ፈረንሳውያኑ የታሪክ ተመራማሪ ማሪ-ሎር ደራ እና አርኪዮሎጂስት አን-ማሪ ዡካን ሲሆኑ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ጥናቱ ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። አገሬው በአፍ ሲያወርሰው የኖረው የደብር ስም በመጨረሻ የጥናት መዝገብ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ከክርስቲያኑ መቃብር በፊት ግን ሌላ መቃብር ነበር። መሻለ ማርያም፣ ታታር ጉርና ቀጠጥያ ላይ የተቆፈሩት የድንጋይ ጉብታዎች ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የዘለቀው «የሻይ ባህል» (ሻይ የወንዝ ስም ነው) ሕዝብ መቃብሮች ናቸው ይባላል። እነዚያ ሰዎች ሙታናቸውን የሚቀብሩት ከሸክላ ዕቃና ከጨሌ ጋር ነው። ክርስቲያን ግን ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። በጀርባው ይተኛል፤ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ። ጌታ ከምሥራቅ ሲመጣ ፊት ለፊት እንዲነሣ ነው። ቆፋሪ ዕቃ የሌለበት፣ በዚህ አቅጣጫ የተደረደረ አፅም ካገኘ፣ ግድግዳው ቢጠፋም እንኳ አጠገቡ መቅደስ እንደነበረ ይገምታል። መሠረቱም ይናገራል። ክብ ቤተ ክርስቲያን በብዛት የተስፋፋው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። የቆዩት የነገሥታት ደብሮች ባብዛኛው አራት ማዕዘን ነበሩ።

15ኛው ክፍለ ዘመን ለሰሜን ሸዋ ትልቅ ዘመን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ተቀመጡባት። የጥንቱን ደብረ አስቦም ደብረ ሊባኖስ ብለው ሰየሙት።

የፈረሰውን ሁሉ «ግራኝ ያፈረሰው» ማለት የተለመደ ነው። ኢማም አሕመድ በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ብዙ ደብሮች መቃጠላቸው አያጠራጥርም። ደብረ ሊባኖስ በ1523 ነደደ። ጦርነቱ ያበቃው በ1535 ወይና ደጋ ላይ ነው። ሆኖም ጣራው በስብሶ የወደቀ፣ ወይም ጽላቱ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዶ የተተወ ደብርም ይኖራል። ለእያንዳንዱ ፍርስራሽ ቁፋሮ ሳይደረግ አንድ ጥፋተኛ መስጠት ትክክል አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ባብዛኛው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ የተነሡትና የሸዋን ገዢ ቤት የመሠረቱት የነጋሲ ክርስቶስ ነው።

መንዝ ውስጥ እነዚህን ቦታዎች ያቆየው ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት እስኪሆን ድረስ መሬቱ «አጽመ ርስት» ይባል ነበር፤ የአያት አጥንት ያረፈበት ርስት ማለት ነው። የመሬት ሙግት ሲነሣ የትውልድ ቆጠራው መድረሻ እዚያው የተቀበረው አባት ነበር። ስለዚህ መቃብር አይታረስም ነበር።

አሁን ግን መንገድ ሲጠረግና የቤት መሠረት ሲወጣ አፅም ብቅ ሊል ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። አፅሙን አንሥቶ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ መመለስ ክብር ይመስላል። ግን የተኛበት አቅጣጫ ከጠፋ፣ ስለዚያ ሰው ሊነገር የሚችለው ነገር አብዛኛው አብሮ ይጠፋል።