ዓይኑን ግለጥለት፦ ስለ ፍርሃትና ስለ ፀሎት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። ዛሬ ስለ ፍርሃት ትንሽ እናውራ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን "እምነት የለህም" እንዳንባል እየሰጋን ፍርሃታችንን ደብቀን ነው የምንኖረው፣ ቸርች ገብተን "ደህና ነኝ ተመስገን" እንላለን፣ ማታ ግን እንቅልፍ የለም።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። የሶርያ ንጉሥ እስራኤልን ሊያጠቃ ባሰበ ቁጥር ነገሩ ቀድሞ ይታወቅበታል፣ "ከመሀላችን ማነው የከዳኝ" ብሎ ሲቆጣ፣ ማንም አልከዳህም፣ በመኝታ ቤትህ የምታወራውን ሳይቀር ለንጉሣቸው የሚነግረው ነቢዩ ኤልሳዕ ነው አሉት። ከዛ ለአንድ ሰው ብሎ ፈረስና ሰረገላ ከብዙ ጭፍራ ጋር ላከ፣ በሌሊት መጥተው ኤልሳዕ ያለባትን ከተማ ዶታይንን ከበቡ። የኤልሳዕ ሎሌ በማለዳ ተነስቶ ሲወጣ ከተማው ተከቧል! "ጌታዬ ሆይ፥ ወዮ! ምን እናደርጋለን?" አለ።

እዚህ ጋ ሎሌውን የሚወቅሱ ሰባኪዎች አሉ፣ እኔ ግን አልወቅሰውም። ያየው ነገር እውነት ነው እኮ። ፈረሱም ሰይፉም እውነት ነበር። ችግሩ ያየው ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ ሁሌም በዛችው በሚያያት ግማሽ ነው የሚኖረው። ኤልሳዕ መጀመሪያ "ከእነርሱ ጋር ካሉት ከእኛ ጋር ያሉት ይበልጣሉና አትፍራ" አለው፣ ግን በቃል ብቻ አልተወውም፣ ፀለየለት። ምን ብሎ? ሠራዊቱን በትንልኝ አላለም፣ ያይ ዘንድ ዓይኖቹን ግለጥ ነው ያለው። ጌታም ገለጠለት፣ ተራራው በኤልሳዕ ዙሪያ የእሳት ፈረሶችና ሰረገሎች ሞልተውበት አየ። የሶርያ ጦር ግን አሁንም እዛው ቆሟል፣ ንቅንቅ አላለም።

እስቲ ይሄን ከእኛ ፀሎት ጋር አስተያዩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንነቃለን፣ ስልክ እናነሳለን፣ የሕመሙን ምልክት ጉግል ላይ እንፈልጋለን፣ ደረታችን ሲመታ ተንበርክከን "ጌታ ሆይ እንዲህ ቢሆንስ፣ ሥራዬን ባጣስ፣ ልጄ አንድ ነገር ቢሆንስ" እንላለን፣ "አሜን" ብለን ስንነሳ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈርተናል። ለምን ቢባል የፀለይን መስሎን ፍርሃታችንን ጮክ ብለን ደገምነው እንጂ ማስተዋልን አልለመንም። ልባችሁን አፍስሱ፣ መዝሙረኛውም አፍስሷል፣ ግን እዛ ላይ አታቁሙ፣ "አሁን ያላየሁትን አሳየኝ" በሉት።

ዳንኤልን እዩ፣ ምዕራፍ 10 ላይ። መልአኩ አትፍራ ካለው በኋላ፣ ለማስተዋል ልብህን ከሰጠህበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቃልህ ተሰምቷል ይለዋል። ቃሉ በመጀመሪያው ቀን ተሰምቶ መልሱ 21 ቀን ዘገየ፣ ስለዚህ ዝም ተባልኩ ብላችሁ ፀሎት አታቁሙ። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲፀልይ የልቦናቸው ዓይን እንዲበራ ነው የለመነው፣ እራሱ እስረኛ ሆኖ!

ግን ማስተዋል ማለት ነገ የሚሆነውን ማወቅ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፍርሃት ስለያዘው ብቻ ትንቢት ፍለጋ ካንዱ አገልጋይ ወዳንዱ የሚሮጥ አለ፣ አንዱ የነገረው ሳያረካው ሌላው ጋ ይሄዳል፣ በየመሀሉ ፍርሃቱ ይጨምራል። ለሎሌው ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚፈጠር አልተነገረውም፣ ማን አብሮት እንዳለ ነው ያየው።

እንዴት እንፀልይ ለሚል፣ 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 20 ላይ የይሁዳን ንጉሥ ኢዮሣፍጥን ተመልከቱ። "ፈራ" ይላል፣ በቀጥታ፣ ሳይሸፋፍን፣ ፈርቶም እግዚአብሔርን ሊፈልግ ፊቱን አቀና፣ ጾም አወጀ። ፀሎቱ የሚጀምረው በጠላቱ ብዛት አይደለም፣ አንተ በሰማይ ያለህ አምላክ አይደለህምን፣ ይህችን ምድር ለአብርሃም ዘር አልሰጠህምን እያለ ነው፣ ጠላቶቹን የጠቀሳቸው ከዛ በኋላ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "የምናደርገውንም አናውቅም፤ ነገር ግን ዓይኖቻችን ወደ አንተ ናቸው"። ንጉሥ በሕዝብ ፊት ቆሞ አናውቅም ሲል! እናንተም ቃሉን ከፍታችሁ እሱ ማን እንደሆነ ከሚናገር ክፍል ጀምሩ፣ ቢቻል ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ከዛ ስጋታችሁን በስሙ ጥሩት።

አንዳንዴ ደግሞ መፀለይም ያቅታል። ሎሌው ራሱ አልፀለየም እኮ፣ ሌላ ሰው ነው የፀለየለት፣ ስለዚህ የምታምኑትን ወንድም ወይ እህት "ፈርቻለሁ፣ ፀልይልኝ፣ ፀልዪልኝ" በሉ። ጭንቀቱ ወር ከወር አልለቅ ብሎ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ ደግሞ ሐኪም ማማከር እምነት ማጣት አይደለም፣ ሁሉንም ፍርሃት ጋኔን ነው እያሉ የታመመን ሰው ማስጨነቅም ደስ አይለኝም።

የታሪኩን መጨረሻ ሳታነቡ እንዳትዘጉት፣ ከቁጥር 18 እስከ 23 ነው። ኤልሳዕ እንደገና ፀለየ፣ የጠላት ጦር ታወረ፣ እየመራ የእስራኤል ንጉሥ ከተማ ሰማርያ መሀል ድረስ ወሰዳቸው፣ እዛ ዓይናቸው እንዲገለጥ ፀለየ። የእስራኤል ንጉሥ "ልግደላቸውን?" ሲል ኤልሳዕ አትግደል፣ እንጀራና ውኃ አቅርብላቸው አለው። ትልቅ ግብዣ ተደረገላቸው፣ በልተው ጠጥተው ወደ ጌታቸው ተሰናበቱ። ጠዋት ወዮ ያስባለው ያ ጦር ነው እንግዲህ እንደ እንግዳ ተስተናግዶ የሄደው፣ ከዛ በኋላ የሶርያ አደጋ ጣዮች ወደ እስራኤል አገር አልመጡም ይላል።