«ፐርፔንዲኩላር» ማለት ሃርድ ዲስኩን አቁሙት ማለት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ባለው የኮምፒውተር ጥገና ግሩፓችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ፐርፔንዲኩላር ሪከርዲንግ ይላል፤ ዲስኩን አቁሜ ልግጠመው?» የለም። ቃሉ «ቀጥ ብሎ የቆመ» ማለት ነው፤ የሚቆመው ግን በውስጡ ያለው የማግኔት አቅጣጫ ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ላዩ ላይ በጣም ስስ የኮባልት ቅይጥ ሽፋን ተለብጧል። አንዷ ቢት (የዳታ ትንሿ ክፍል፣ 0 ወይም 1) በዚያ ሽፋን ባሉ ጥቂት ቅንጣቶች ትያዛለች። ዱሮ ማግኔቱ በሳህኑ ገጽ ላይ ተኝቶ ነበር። አሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይቆማል። የቡሬ ነጋዴ የበቆሎ ጆንያ ሲያስተኛና ሲያቆም ወለሉ ስንት እንደሚይዝ አስቡት።

ግን ነገሩ የቦታ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቅንጣቶቹ ከልክ በላይ ሲያንሱ ተራ ሙቀት እንኳ አቅጣጫቸውን ይገለብጠዋል፤ ዳታው ይጠፋል። በቆመው ዘዴ ከሽፋኑ ሥር ሌላ ለስላሳ የማግኔት ንጣፍ አለ። የመጻፊያውን ጉልበት ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይስበዋል። ስለዚህ በቀላሉ በማይገለበጥ ቁስ ላይ መጻፍ ይቻላል።

ሐሳቡን በ1970ዎቹ ያራመዱት ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ሹንኢቺ ኢዋሳኪ ናቸው። ቶሺባ በ2005 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው።

ይህ ለዛሬዎቹ ሃርድ ዲስኮች ሁሉ ያው ነው። የሚለያየው የትራኮቹ፣ ማለትም ዳታ የሚጻፍባቸው ክብ መስመሮች፣ አደራደር ነው፤ «ሺንግልድ» የሚባሉት ትራኮቻቸው ይደራረባሉ፣ ደጋግሞ ሲጻፍባቸው ይዘገያሉ። ማግኔታቸው ግን እነሱም ጋ የቆመ ነው። ዲስኩን አስተኝታችሁም አቁማችሁም ግጠሙት፤ ብቻ በደንብ ይጥበቅ፣ እየሠራ አይነቃነቅ።