የቫን ነዋሪዎች ቂጣ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች የቤት ኪራይ ከብዷቸው ወይም መንገድ መርጠው ኑሯቸውን በቫን ውስጥ ያደረጉ ሰዎች ትኩስ እንጀራ ነክ ነገር ሲያምራቸው፣ ያለ እርሾ የታሸ ሊጥ ዳምጠው በተንቀሳቃሽ ቡታጋዝ ላይ ይጋግራሉ። ቫን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ የለም፤ ያለው አንድ ወይም ሁለት እሳት ያለው ምድጃ፣ አንድ መጥበሻና በጄሪካን የተያዘ ውሃ ነው። ቂጣ ደግሞ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

የአሪዞና ምዕራባዊ በረሃ የዚህ ኑሮ ታዋቂ መናኸሪያ ነው። በኳርትዝሳይት ከተማ አቅራቢያ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ለረጅም ጊዜ ሰፋሪዎች በለየው ቦታ፣ ፈቃድ የከፈለ ሰው ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 መቆየት ይችላል። በሌላው የቢሮው መሬት ግን የተለመደው ገደብ 14 ቀን ስለሆነ ሰፋሪው ዕቃውን ሸክፎ ይነሣል። እንጀራ ለዚህ ኑሮ የማይመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ሊጡ ለሁለት ሦስት ቀን ሳይነካ መቀመጥ አለበት፣ ምጣዱ ሰፊ ነው፣ ቀጭን ሊጥ ጭኖ ኮረኮንች መንገድ ላይ መንዳትም የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። አካባቢው በአንጻሩ ከሜክሲኮዋ ሶኖራ ጋር ስለሚዋሰን ከስንዴ ዱቄት፣ ከስብና ከጨው የሚሠራው ቶርቲያ የቆየ የአገሬው ምግብ ነው፤ ብዙው የቫን ቂጣም የእሱ ዘመድ ነው።

ለስምንት ቂጣ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 130 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ሊጡ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ከታሸ በኋላ ተሸፍኖ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማረፍ ይኖርበታል፤ ችኩል ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ የሚከፍለውም በዚሁ ነው። ሲታሽ የተወጠረው ግሉተን (ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴ ፕሮቲን) ካልላላ ሊጡ በተዳመጠ ቁጥር ተመልሶ ይሰበሰባልና ቂጣው ወፍራምና ድርቅ ያለ ይሆናል። ማዳመጫ ከሌለ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ይሠራል። ውሃ እጅግ የሚቆጥብ ሰው ሊጡን በወፍራም ፌስታል ውስጥ ያሻል፤ የሚታጠብ ሳህን አይተርፈውም። የሙሉ ስንዴ ዱቄት ጣዕሙ ቢመረጥም በውስጡ ያለው ዘይት በጋለ መኪና ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ለረጅም ጉዞ ነጩ ዱቄት ይሻላል።

መጥበሻው ወፍራም ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ ከሆነ እንደ ምጣድ በዘይት ይሟሻል። ሙቀቱ መድረሱ የሚታወቀው ቁንጥር ዱቄት ሲጣልበት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሲጠቁር ነው። ዱቄቱ ከተጠረገ በኋላ ቂጣው ያለ ዘይት ይጣላል፤ ፊቱ ነጣ ብሎ እዚህም እዚያም ሲነፋ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ማለት ነው፣ ይገለበጣል፤ ሌላው ጎን ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። እሳት ሲያንስ ቂጣው ሳይነፋ ስለሚደርቅ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ስለዚህ ጋዝ ለመቆጠብ ብሎ ነበልባሉን ዝቅ ማድረግ ዋጋ የለውም። የበሰለው ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ሲጠቀለል የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል።

ከሊጡ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ጋዙ ነው። ቡቴን የተባለው የምድጃ ጋዝ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መትነን ስለሚያቆም በበረሃው የክረምት ማለዳ ምድጃው ሊሰንፍ ይችላል፤ ሌላው ጋዝ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። የጋዝ ጣሳው ከጎኑ በሚገባበት ምድጃ ላይ ከጣሳው በላይ የሚዘረጋ ሰፊ መጥበሻ መጣድ አደገኛ ነው፤ ከብረቱ የሚመለሰው ሙቀት ጣሳውን ሊያፈነዳ ይችላል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል፤ መስኮት ዘግቶ የሚጋግር ሰው ጠዋት ከፍራሹ ሥር ሻጋታ ቢያገኝ አይገርምም። ከዚህ እጅግ የከፋው ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ስለዚህ የአየር ሁኔታው እስከፈቀደ ድረስ ምድጃው ከመኪናው ውጭ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል ይቀመጣል፤ ውስጥ መሥራት ግድ ከሆነ የጣሪያው ማራገቢያና አንድ መስኮት ክፍት ይሆናሉ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይሰቀላል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ የእሱ ማስጠንቀቂያ ከወለሉ አጠገብ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

የተረፈው ቂጣ ካልቀዘቀዘ በፌስታል አይታሰርም፤ ላቡ በሁለተኛው ቀን ያሻግተዋል። በደረቁ የበረሃ አየር ደግሞ ሳይሸፈን ካደረ ይደርቃል፤ ያኔ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ፍርፍር ይሆናል፣ ወይም ሾርባ ውስጥ ይገባል።