የጠቅላላ ዕውቀት ተወዳዳሪዎች በድሬዳዋና በሐረር

የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር፣ በተለምዶ አጠራሩ «ጥያቄና መልስ»፣ ተወዳዳሪዎች ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊ፣ ከሳይንስ፣ ከስፖርትና ከኪነ ጥበብ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ በተወሰነ ሰዓት መልስ እየሰጡ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። በድሬዳዋና በሐረር ውድድሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ የቀናው ቴሌቪዥን ስቱዲዮ ይደርሳል። ይህ ዳሰሳ ስለ ስቱዲዮው ብዙ አይልም። ትኩረቱ ከምሥራቁ የሚነሡት ተወዳዳሪዎች ላይ፣ በተለይም ስለ ራሳቸው ከተማ ሲጠየቁ ከዳኛው ወረቀት ጋር በሚገቡበት ጣጣ ላይ ነው።

አጀማመር

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በሌላው ዓለም የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ያኔ ገንኖም፣ ተዋርዶም ነበር። በአሜሪካ አዘጋጆች ለሚፈልጉት ተወዳዳሪ መልሱን አስቀድመው ሹክ ይሉ እንደነበር ታውቆ በ1959 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ ምክር ቤት ቀርቦ ተመርምሯል። እኛ ዘንድ እስካሁን የጥያቄው ፖስታ ታሽጎ መጥቶ በዳኞች ፊት የሚቀደደው ይህንኑ የመሰለ ሐሜት እንዳይነሣ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ 15 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት ምርጫና ሦስት የእርዳታ ዕድል ያለው፣ የሚሊዮን ሽልማት የሚያስገኝ ውድድር ተጀመረ። «ወዳጅ ጋር ልደውል» እና «የመጨረሻ መልስህ ነው?» የሚሉት አነጋገሮች ከዚያ ተነሥተው ዛሬ በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ዋጋ ሲከራከሩ ሳይቀር ይሰማሉ።

በደርግ ዘመን ጥያቄና መልሱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ቀበሌ አዳራሽም ገብቶ ነበር።

የትምህርት ቤቱ መድረክ

አደረጃጀቱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ብዙም አይለያይም። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ተጠባባቂ ይመደባል። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ የቡድኑ ስም በካርቶን ተጽፎ ይቆማል። ሰዓት ያዥ፣ ነጥብ መዝጋቢና ቢያንስ ሁለት ዳኞች ያስፈልጋሉ። ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ናቸው፤ የሳይንስ ጥያቄ ላይ ክርክር ሲነሣ የባዮሎጂው መምህር ከተመልካች መሃል ይጠራል። ደወሉ ከተገኘ የኤሌክትሪክ ነው፣ ካልተገኘ ከሳይክል የተፈታ ነው። ሳይክል በማይጠፋባት ድሬዳዋ ይህ ለማንም ችግር ሆኖ አያውቅም።

በብዙ መድረክ ለራስ የቀረበ ጥያቄ 2 ነጥብ፣ ተላልፎ የመጣ ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛል። ልምድ ያለው ቡድን በሚተላለፍ ጥያቄ ይኖራል፦ ሌላው ቡድን ሲጨነቅ እነሱ መልሱን ተንሾካሹከው ጨርሰው ይጠብቃሉ። ልምድ የሌለው ቡድን ደግሞ አንደኛው ልጅ የሚያውቀውን ሌላኛው ሲቀድመው ይወድቃል። ስለዚህ መምህራኑ ከዕውቀቱ በፊት የሚያስጠኑት ማን ማይክ እንደሚይዝ ነው።

ውድድሩ የሚደምቀው በወላጆች ቀን፣ የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል ነው። ድሬዳዋ ያኔ ሙቀቷ የሚያይልበት ጊዜ ስለሆነ ፕሮግራሙ በጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ ሳትከር ማለቅ አለበት። ሐረር ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ ይህ አያስጨንቃትም፤ የሐረር ተማሪዎች ድሬ ወርደው ሲሸነፉ ሙቀቱን ሲያሳብቡ የቆየ ቀልድ ነው። ሽልማቱ ደብተር፣ ካልኩሌተር፣ መዝገበ ቃላት ነው። ለተመልካች የሚቀርብ ጥያቄም አለ፤ መልሱን ያገኘ እስክሪብቶ ይቀበላል፣ አዳራሹም «አቦ ይመችህ!» ብሎ ያጨበጭብለታል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፕላዝማ ሲሰጥ የተማሩት ልጆች ለቴሌቪዥን ውድድር በአንድ ነገር ተጠቅመዋል ማለት ይቻላል። ፕላዝማው ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ፣ መልስ መጣም አልመጣም «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፍ ነበር። ለማይጠብቅ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አይገኝም።

ስለ ሁለቱ ከተሞች የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአገር አቀፍ ውድድር ጥያቄ አዘጋጆች ምሥራቁን ይወዱታል። ግንብ፣ ባቡር፣ ጅብ፣ ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ ንጉሠ ነገሥት፤ ሁሉም አንድ አካባቢ ይገኛሉ። ችግሩ መልሶቹ ከአሮጌ የጥያቄ ደብተር ወደ አዲሱ እየተገለበጡ መምጣታቸው ነው። ጎበዝ የድሬዳዋ ወይም የሐረር ተወዳዳሪ ሁለት መልስ ይዞ ይገባል፦ አንዱ እውነቱን፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ ሊጻፍ የሚችለውን።

«የጀጎል ግንብ ስንት በር አለው?» ለዚህ ጥያቄ 5 የሚለው ትክክል ነው፤ 6 የሚለውም ውሸታም አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ይህ የሐረር ግንብ ጥንታዊ በሮቹ 5 ናቸው፤ በአማርኛ ፈላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ኤረር በር ይባላሉ። በሐረሪ ቋንቋ ግን አሱም በሪ፣ አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁታት በሪና አርጎብ በሪ ናቸው። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ስድስተኛ ነው። ጀጎል ውስጥ ያደገች ልጅ ስም ዝርዝር ስትጠየቅ በሐረሪ አጠራሩ ብትመልስ፣ አንድም ሳትስት አምስቱንም የምትስትበት ዳኛ ሊገጥማት ይችላል።

የመስጊዱ ቁጥር ከዚህ ይብሳል። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አውልያዎች (ቅዱስ የሚባሉ የጸሎት ቦታዎች) እንዳሉ ጠቅሷል። በአፍ የሚነገረው ግን 99 ነው። ጀጎል ውስጥ ያሉ ብቻ ናቸው ወይስ ከግንቡ ውጪ ያሉትም ይቆጠራሉ የሚለው እንደ ቆጣሪው ስለሚለያይ፣ ሁለቱንም ማክበር ሳይሻል አይቀርም። ሐረር «አራተኛዋ የእስልምና ቅድስት ከተማ» ናት የሚለውም በሰፊው የሚነገር ነው፤ ለውድድር ጥያቄ ሲቀርብ ግን «ትባላለች» የሚል ቃል ቢጨመርበት ይመረጣል።

«ራምቦ ቤት»ን በተመለከተ ማመንታት አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ባለ ቀለም መስታወት የእንጨት ቤት ግን ከእሱ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። «ራምቦ የኖረበት ቤት በየትኛው ከተማ ይገኛል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሐረር ነው፣ ነጥቡም ይሰጣል፤ ስህተቱ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትውልድ ቦታም እንዲሁ። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለዱት ከሐረር ወጣ ብላ በምትገኘው ኤጄርሳ ጎሮ ነው። ወረቀቱ «ሐረር» ካለ፣ «ኤጄርሳ ጎሮ» ያለው ልጅ ዜሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህ በደል ነው፤ በለዘበ ቃል የሚጠራበት ምክንያት የለም።

ስለ ድሬዳዋ የሚመጡት ጥያቄዎች ሦስት አራት ናቸው። መጀመሪያ የምሥረታዋ ዘመን ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ እዚህ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ ከተማ በቀለ፤ «አዲስ ሐረር» ተብሎም ነበር፣ ስሙ ግን አልያዘም። ባለ አንድ ሜትር ስፋት የነበረው የድሮው መስመር ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪኩ 756 ገደማ ነው። ጥያቄው «የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ርዝመት» ብሎ ካቆመ፣ የለገሃር (የባቡር ጣቢያው ሰፈር) ልጅ ሳይመልስ በፊት «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መብቱም ነው።

ሁለተኛው፦ «ድሬዳዋ በየትኛው ክልል ትገኛለች?» ይህ ወጥመድ ነው። በየትኛውም። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ተሰጥቷታል። አዋሳኞቿ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ናቸው፤ ሁለቱም በከተማዋ ላይ ያነሡት ጥያቄ እንደነበር ይታወቃል፣ ጉዳዩ ግን ከጠቅላላ ዕውቀት መድረክ በላይ ስለሆነ እዚህ ይለፈን። ሦስተኛው፦ «ከአዲስ አበባ ቀጥላ በሕዝብ ብዛት ትልቋ ከተማ?» በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ድሬዳዋ ናት፣ 233,224 የከተማ ነዋሪ ይዛ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ ሌላ ከተማ የሚል ሰው ግምት ይዞ ነው የሚከራከረው።

ከሁሉም የሚጣፍጠው ግን የኳሱ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ ያዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ በ1968 ከአዲስ አበባ ሌላ የት ተካሄደ? መልሱ በቀን አቆጣጠሩ ይወሰናል። በ1968 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1976 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛዋ አዘጋጅ ድሬዳዋ ነበረች፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ምድባቸውን የተጫወቱት እዚህ ነው፣ ዋንጫውንም የወሰደችው ሞሮኮ ናት። በ1968 እ.ኤ.አ. ግን ሁለተኛዋ ከተማ አሥመራ ነበረች። ጥያቄ አንባቢው «ዓ.ም.» የምትለዋን ከዋጣት ሁለት ቡድኖች ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተው ሁለቱም ልክ ይሆናሉ። የድሬ ልጅ «አሥመራ» ብሎ መመለስ በጣም እንደሚከብደው ለመገመት አያዳግትም።

ተለዋዋጭ መልሶች

አንዳንዱ መልስ ትናንት ልክ ነበር። የክልሎች ቁጥር ለረጅም ዘመን 9 ሆኖ ሲሸመደድ ኖሮ በ2012 ዓ.ም. በሲዳማ 10፣ በ2014 በደቡብ ምዕራብ 11፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል 12 ሆኗል። ከእነዚህ ጋር አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ መስተዳድር ሆነው ይቆጠራሉ። በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገቡት በዓላትና ሥርዓቶችም መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳና ጥምቀት ሆነው 4 ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. የሐረሪዎቹ ሹዋሊድ ሲመዘገብ 5 ሆኑ፣ ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ ጨምሯል። ከረመዳን ቀጥሎ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ የሚከበረውን ይህን በዓል የሐረር ተወዳዳሪዎች ምዝገባው በተሰማ ማግስት ደብተራቸው ላይ እንዳሰፈሩት ጥርጥር የለውም። በየመንገዱ የሚሸጡት የጠቅላላ ዕውቀት ጥራዞች ግን እስከ ዛሬ 4 ይላሉ።

ቋንቋ

በሁለቱ ከተሞች አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ሱቅ ሲላክ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ሊናገር ይችላል። ይህ በሥነ ጽሑፍ ዙር ይጎዳዋል፤ ተረትና ምሳሌ «ጀምሬልህ ጨርስ» ሲባል የሚመጣለት በሌላኛው ቋንቋ ነው። በቦታ ስምና በምግብ ጥያቄ ግን ይጠቅመዋል። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ የት ተወለደ ሲባል ከድሬዳዋ አልፎ ሰፈሩን ጭምር የሚጠራው እሱ ነው።

ወደ ስቱዲዮ

ለአገር አቀፍ ቀረጻ የሚመረጠው ተወዳዳሪ አዲስ አበባ ዘመድ ካለው እዚያ ያርፋል። ሲሸኝ እናት ወይም አክስት ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በፌስታል ቋጥራ ትሰጠዋለች፤ ግማሹ አዋሽ ሳይደረስ ያልቃል። ስቱዲዮ ውስጥ የመጀመሪያው ድንጋጤ መብራቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጭብጨባው በምልክት መጀመሩና በምልክት መቆሙ። አቅራቢው «ከየት መጣህ?» ሲለው «ከድሬ» ይላል፣ ከዚያም የሚጠበቅበትን ያውቀዋል፦ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጫቱ፣ «አቦ» በል ስለመባሉ። ብዙዎቹ አንዴ «አቦ» ብለው ያስቁና ወደ ጥያቄው ይመለሳሉ።

ቅሬታ የሚቀርብበት ሰዓት አጭር ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ከተነበበ በኋላ ያለፈውን መልሶ ማንሣት በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ስለዚህ «ኤጄርሳ ጎሮ» ብሎ የተሳሳተ የተባለ ልጅ እጁን ማውጣት ያለበት ወዲያው ነው። ከምሥራቅ የሚመጡ አሠልጣኝ መምህራን ልጆቹን በአክብሮት መቃወምን የሚያለማምዷቸው ለዚህ ነው፦ «ይቅርታ ክቡራን ዳኞች፣ መልሱ እንዲታይልን» ተብሎ ይጀመራል፣ ምንጩ ይጠራል፣ ቁጭ ይባላል።

ድሬዳዋም ሐረሪም የየራሳቸው ቴሌቪዥን ጣቢያ አላቸው። በቤት መድረክ ሲሆን ዳኛው የሰፈር ሰው ስለሆነ ጥያቄው ይከብዳል፤ በሮቹ ስንት ናቸው ብሎ የሚያልፍ የለም፣ በየትኛው በር ምን ይገባ እንደነበር ይጠየቃል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ደወሉን ስልኩ ተክቶታል፤ ለአንድ ጥያቄ 10 ወይም 15 ሰከንድ ይቆጠራል፣ ጥያቄዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያው ከመንገድ ዳር ጥራዝ የተገለበጡ ናቸው። ቅሬታ የሚሰማ ዳኛም የለም፤ ሐረር በርን ቆጥሮ 6 ያለ ቀይ ምልክት አይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።